ውሃ የተሞላው ደወል

ይህ ታሪክ እንደ ፀሐይ የጠራ እውነት ነው፤ ቅንጣት ጨምሬበት እንደሆነ የጻፍሁበት እጄ ይድረቅ።

አሮጌው አገረ ገዥ ዐርፈው ልጃቸው በተሾሙ በዓመቱ፣ በክረምቱ መውጫ፣ ለከተማይቱ ታላቅ በር አዲስ ደወል እንዲሠራ ታዘዘ፤ በቤተ መንግሥቱ ማቅለጫ ቤትም ነሐሱ ቀለጠ፤ ጭሱ ሰማዩን ከመጋረዱ የተነሣ ዶሮዎች በቀትር ቆጥ ላይ ወጡ፤ ደወሉም ከግዝፈቱ ብዛት ሠርግ ቢደገስበት እድምተኛው አይጨናነቅም ነበር።

በዚያ ቤት የቆየ ሥርዐት ነበረ። ሥራው ሲያልቅ አለቃው በእንጨት መዶሻ አንድ ጊዜ መትተው «አማረ» ይላሉ፤ ቀላጮቹም በማዕረጋቸው ተራ እየመቱ «አማረ» ይላሉ፤ የመጨረሻው ሰው «አማረ» ካለ በኋላ ደወሉ የአገረ ገዥው ነው፤ ጥፋት ቢገኝበት የሚጠየቅ የለም። ከልማድ ብዛት ግን ሰዎቹ የሚያዳምጡት ደወሉን ሳይሆን የአለቃቸውን አፍ ሆኖ ነበር።

ከተራው መጨረሻ የሚቆመው ቀላጭ ቅጽል ስሙ «ጆሮው» ነበረ፤ ጎረቤት ቤት ጉንዳኖች ሲጣሉ ሰምቶ ያስታርቃል ይባልለታል፤ የአለቃውም የልጃቸው ባል ነው። ያን ቀን ተራው ደርሶ ሲመታ ድምፁ በመልካም ጀመረ፤ ፍጻሜው ላይ ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጉሮሮ ሻከረ። መዶሻውን እንደያዘ ቆመ። ከእርሱ በፊት የመቱት ሁሉ አልሰሙም፣ ወይም ሰምተው ዋጡት፤ እርሱ ቢሳሳት መሳቂያ ይሆናል፤ ባይሳሳት ግን ደወሉ የሚንጠለጠለው በበሩ ሥር አግዳሚ ላይ ተጋድሞ አላፊ አግዳሚውን ሲላከፍ በሚውለው በረኛ ራስ ላይ ነው። ቢናገር ደግሞ አማቱ ከሹመታቸው ይሻራሉ፤ የቤቱ እንጀራም አብሮ ይሄዳል።

«ምነው ዘገየህ፣ ልጄ?» አሉ አለቃው።

«ድምፁ አልጠራልኝም፣ አባባ።»

«እኛ ሁላችን ደንቁረናላ?»

አንዱ ቀላጭ፣ ጆሮውን ጠርጎ ይምጣ ብሎ ሰዉን አሳቀ።

«አልደነቆራችሁም» አለ ጆሮው። «እርስዎ አማረ ካሉ በኋላ ደወሉን የሰማ የለም እንጂ። ገልብጠን ውሃ እንሙላው። ጠብ ካላለ እኔ ከዚህ ቤት እወጣለሁ።»

የአገረ ገዥው አጋፋሪ ደወሉን ሊረከብ በር ላይ ቆሞ ያጉረመርም ነበር። ቢሆንም ደወሉ ተገለበጠ፤ ወንዙ እስኪጎድል ውሃ ተቀዳ። መጀመሪያ እንደ ላብ ጤዛ ታየ፤ ቀጥሎ ስንጥቁ አፉን ከፈተ፤ ቁልቁል ያጥቡ የነበሩ ሴቶች ጎርፍ መጣ ብለው ልብሳቸውን ጥለው ሸሹ። አለቃው የአማቻቸውን ግንባር ሳሙ፤ ደወሉ ተሰብሮ እንደገና ቀለጠ፤ አገረ ገዥው ለጆሮው ፈረስ ጋልቦ የማይጨርሰው መሬት ሰጡት፤ ከዚያም ወዲህ መዶሻውን አስቀድሞ የሚያነሣ ከሁሉ ያነሰው ሠራተኛ እንዲሆን ተደነገገ። የከተማይቱ ሰው ነገሩን የሚያውቀው እንዲህ ነው፤ ለትውልድ የተላለፈውም ይኸው ነው።

ጆሮው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ታሪኩ በአገረ ገዥው አዳራሽ፣ በግብዣ ላይ ተተረከ፤ መበለቲቱም፣ የአለቃው ልጅ፣ ምስክር ይሆኑ ዘንድ ተለመኑ፤ ያን ቀን ለአባታቸው ምሳ ይዘው ማቅለጫው ቤት ደጃፍ ቆመው ነበርና።

«ውሃ የቀዳ የለም» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መታ፤ ጥቂት ቆመ፤ አባቴን አየ፤ አማረ አለ። ደወሉ ተሰቀለ፤ በወሩ ወደቀ። በረኛው አግዳሚው ላይ ተኝቶ ነበር።»