ፕሮሊን የቀቀለው ብልቃጥ

ሊፍቱ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ግላይሲንና ፕሮሊን።

«አመጣሽው?»

«ታዲያ ለሽርሽር ነው የመጣሁት?»

ፕሮሊን ፈገግ አለ። ግላይሲን ያቺን ፈገግታ አትወዳትም። ጥርሱ እዚህ ነው፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ።

ስሞቹን ያወጣላቸው አለቃቸው ነው። ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ በክር ተሰክተው የሚሠሩት ነገር ነው አይደል? የዶቃዎቹ ዓይነት ሃያ ነው። አለቃም ለሰላዮቹ ከሃያዎቹ እየመረጠ ስም አደላቸው። ትንሿ ግላይሲን ናት፣ የትም ትገባለች፣ ማንም ልብ አይላትም። ፕሮሊን ደግሞ ግትር ነው፤ የገባበትን ሰንሰለት ያጣምማል። ይሄን እያወቀ ስሙን ለዚህ ሰውዬ መስጠት! ከዚያ ደግሞ ማመን! አይ አለቃ።

ግላይሲን መድኃኒት ፋብሪካው ውስጥ የላብራቶሪ ረዳት ሆና ነው የገባችው። ዶክተር ተብዬዎቹ ስሟን እንኳ አልጠየቋትም፣ «አንቺ» ነው የሚሏት። እነዚህ ጉዶች የልጆችን የደም በሽታ የሚያድን ፕሮቲን አግኝተው ደበቁት። ለምን? ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ማስታገሻ ስለሚሸጡ። የዳነ ልጅ ደንበኛ አይሆንማ! የቀረችውን አንዲት ብልቃጥ ዛሬ ከሰዓት ሊደፏት ነበር።

ግላይሲን ቀደመቻቸው። ብልቃጧ ቦርሳዋ ውስጥ፣ በረዶ የተሞላ ቴርሞስ ውስጥ ናት።

አለቃ ቃል ገብቶላታል። አንዲት ጠብታ ለምርመራ፣ ቀሪው ለሚጣ። ሚጣ የእህቷ ልጅ ናት። ያ በሽታ አለባት።

ሊፍቱ ምድር ቤት ቆመ። መኪናው በስተቀኝ ነው። ፕሮሊን ወደ ግራ ገፋት።

ሽጉጥ።

«ግቢ።»

የሠራተኞች ሻይ ክፍል ነው። ማንም የለም። የውሃ ማፍያው እየተንተከተከ ነው። አዘጋጅቶ ነው የጠበቃት፣ ወራዳ!

«ለማን ነው የሸጥከን?»

«ለሚከፍል። ቴርሞሱን።»

ሰጠችው። ምን ታድርግ?

ማጠቢያው ላይ ደፍቶት መሄድ ይችል ነበር። ግን ሰውዬው ተምሯል፣ ካላስተማረ ይታመማል።

«ፕሮቲን ማለት ቅርጹ ነው፣ እመቤት። ሰንሰለቱ ተጣጥፎ ተጣጥፎ ነው መድኃኒት የሚሆነው። ሙቀት ከነካው ይፈታል፣ አለቀ። እንቁላል ቀቅለሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተ ታውቃለህ? የሚቀቅልልህ ሰው ያለህ ነው የምትመስለው።»

ብልቃጧን አንገቷ ላይ በታሰረው ክር አንጠልጥሎ የፈላው ውሃ ውስጥ ነከራት።

«ተው! ልጅ አለች! እባክህ!»

ይሄ ትወና አልነበረም።

ጥርት ያለው ፈሳሽ ደፈረሰ። ነጣ። ፕሮሊን አውጥቶ አሳያት፣ ከዚያ እንደ ሶፍት ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወራት።

«በይ እዚሁ አልቅሺ። ጥበቃዎቹን ልጥራ።»

ወጥቶ ቆለፈባት።

ግላይሲን ወዲያው እንባዋን ጠረገች። እጇን መጣያው ውስጥ ከተተች።

ደደብ! ቅርጹ ነው የጠፋው። ዶቃዎቹ ከክሩ አልወጡም እኮ! ተራቸው እንደነበረ ነው። ያንን ተራ የሚያነብ ላብራቶሪ ካለ፣ ያንኑ ሰንሰለት እንደ አዲስ መሥራት ይቻላል። አዲሱ ደግሞ እንዴት እንደሚጣጠፍ ራሱ ያውቀዋል።

ከማጠቢያው በላይ ያለችው መስኮት ድመት ነው የምታሳልፈው። ድመትና ግላይሲን።

የበሩ ቁልፍ ሲዞር ጫማዋ መስኮቱ ላይ ነበር። በሩ ሲከፈት አልነበረም።

አለቃ መኪናው ውስጥ ብልቃጧን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አያት።

«ለማንበብ ይበቃል። ጎበዝ። ፕሮሊንስ?»

«እላይ ፎቅ ነው። በዶክተሮቹ ሲመሰገን።»

«የሚገርም ነው፣ በጣም ነበር የማምነው።»

«አዎ፣ ይገርማል።»

አለቃ ብልቃጧን ኪሱ ውስጥ ከተታት።

«መድኃኒቱ መቼ ይደርሳል?»

«ዓመት… ሁለት ዓመት። ብዙ ልጆች ይድናሉ።»

«ሐኪሞቹ ለሚጣ ወራት ነው የሰጧት።»

አለቃ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ጀግናው! ዓይኗን እንኳ ማየት አልቻለም።

«ለሚቀጥለው ሥራ አዲስ ስም ይወጣልሻል፣» አለ በመጨረሻ።

«ለራስህ አውጣው።»

በሩን ድርግም አድርጋው ወረደች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሚጣ ትራሱ ላይ ቀና ብላ ጠበቀቻት።

«አክስቴ! ያልሽኝ ቀዝቃዛ መርፌ የታለ?»

«ዛሬ አልደረሰም፣ የኔ ቆንጆ።»

«ነገስ?»

ግላይሲን ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ላይ አጠገቧ ተጋደመች። ሚጣ ለሷ ብላ ጠጋ አለች።

«ሰፋሁብሽ እንዴ?»

«አይ፣ ትንሽ እኮ ነሽ።»

ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ አየቻቸው።

«ይቅርታ፣ አንቺ ማነሽ?»

«ማንም አይደለሁም፣» አለች ግላይሲን። «አክስቷ ነኝ።»