ከመሪው ላይ የተነሱ ሁለት ጣቶች

ሌስ ድራምንድ ከበጎቹ ኩሬ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ኩሬው በድርቁ አልቆ የቀረችው ውሃ በግ እንኳ በቅጡ አታጠጣም፤ ሰው ሰጠመባት ቢባል ማን ያምናል? የዊልጋ ፍላት ሰዎች ግን አመኑ። ሽማግሌ ነው፣ ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ጭቃ የያዘው በግ ሊያወጣ ሲል አዳልጦት ይሆናል ተባለ።

ሳጅን ኖሪን ታሎክ ግን ቁጢጥ ብላ የሟቹን ጫማ አየች። ጭቃው እሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውጧታል። ከውሃው ውጪ የቀረው የሌስ ሶል ላይ ግን ቀይ አቧራ እንጂ ጭቃ የለም።

«በርሮ ነው እንዴ የገባው?» አለች። ለዚያ ሁሉ ሜዳ ፖሊሷ እሷ ብቻ ስለሆነች ለራሷ ማውራት ለምዳለች። የሌላ ሰው ዱካ እንዳትፈልግ በጎቹ ሁሉንም ረግጠው አቡክተውታል።

የሌስ ፒክአፕ ኩሬው ዳር ቆሟል። ውሻው ሞፕ ግን የለችም። ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ የምትከተለው ሞፕ ቤት ታስራ ስታላዝን ተገኘች። ሞፕ ደግሞ አንገቷን ለማንም አትሰጥም፤ ኖሪንን ራሷን ነክሳታለች። ከሌስ ሌላ የምትፈቅደው ለሦስት ሰው ነው፦ ለመጠጥ ቤቷ ባለቤት ለግሌኒስ፣ ውሃ በቦቴ ለሚያመላልሰው ለዳርሲ፣ በአጥር ቀዳዳ አጥንት ለሚያቀብላት ለሌስ ታናሽ ወንድም ለኪት።

ወደ ከተማ ስትነዳ የዳርሲ ቦቴ አቧራውን እያቦነነ መጣ። እሷ መሪውን ሳትለቅ አንድ ጣት አነሳች፤ እሱ እንደ ልማዱ ሁለት፣ ልክ እንደሚባርክ ጳጳስ። በዚህ አገር መኪና ለመኪና ሲተላለፉ ለሰላምታ ጣት ያላነሳ ሰው ወይ የከተማ ሰው ነው ወይ ጠላት።

መጠጥ ቤቱ ስትደርስ ግሌኒስ ሻይ ቀዳችላት።

«ብረት ብረት ይላል» አለች ኖሪን ፊቷን አጨማዳ።

«ሰሞኑን እንዲህ ነው፤ ዳርሲን ጠይቂው፣ ከወንዝ ነው የማመጣው ይላል። በይ አሁን፣ ኪትን መቼ ነው የምታስሪው?»

«አንቺም እሱ ነው ትያለሽ?»

«እኔ የምቀዳው ቢራ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ግን አባታቸው ሞቶ የውሃ ጉድጓዱ ያለበት መሬት ለሌስ ከደረሰ ወዲህ አልተነጋገሩም። ሌስ መንገድ ላይ ሲያገኘው ጣቱን ንቅንቅ አያደርግም። ኪት ግን ያነሳል። ሁሌ ያነሳል፣ ምስኪን!»

ኪት ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሌላ ወንበር የለም፤ ኖሪን ቆመች።

«ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ አይቼዋለሁ» አለ። «አጥሩን ስጠግን በፒክአፑ አለፈ።»

«ፊቱን አየኸው?»

«ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ነበረች። ባርኔጣውን አይቻለሁ።» ከዚያ ሽማግሌው ፊቱ በራ። «ጣቱን አነሳልኝ እኮ፣ ኖሪን!»

«ሌስ?»

«እንዲህ!» ሁለት ጣቱን አነሳ። «አንድም አልጠበቅኩ፣ ሁለት! ያለፈውን ሁሉ አካካሰልኝ አልኩ። ዛሬ ጠዋት ቤቱ ልሄድ ነበር። ሸሚዜን ሁሉ ተኩሼ…»

ሸሚዙ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ኖሪን አይታው ዓይኗን ሰበረች።

«ኪት፣ ነገ ፖሊሶች ከዋናው ከተማ መጥተው ሊወስዱህ ነው። ሰው ሁሉ አንተን ነው የሚለው።»

«ይውሰዱኝ። ታርቆኝ ነው የሞተው።»

በማግስቱ የከተማዋ አዳራሽ በሐዘንተኛ ሞላ። ወደ ሌስ ቤት እግራቸውን አንስተው የማያውቁ ሁሉ ሳንድዊች ይዘው መጥተዋል። ኪት በተተኮሰው ሸሚዙ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ አጠገቡ የደፈረ የለም። ኖሪን ብርጭቆ በማንኪያ መታች።

«ሌስ በእግሩ ኩሬ አልገባም፤ ሶሉ ደረቅ ነው። ሌላ ቦታ ሞቶ በገዛ ፒክአፑ ተጭኖ ነው የተጣለው። ሞፕን ያሰረው ከሦስት ሰው አንዱ ነው። ግሌኒስ ያን ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ለግማሾቻችሁ ስትቀዳ ነበር።»

«የቀረው ኪት ነዋ!» አለ ዳርሲ ሳንድዊቹን እያኘከ።

«ኪት ፒክአፑን የሚነዳ ሰው አይቷል። ሰውየው ሁለት ጣት አነሳለት። ሌስ ደግሞ ለኪት አንድም እንደማያነሳ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። የሌስን ባርኔጣ ያጠለቀው ሰውም ያውቃል፤ እጁ ግን ልማዱ ነውና ሳያስበው ተነሳ።»

አዳራሹ በሙሉ የዳርሲን እጅ አየ። ዳርሲ ኪሱ ከተተው።

«አሁን ሻያችሁን ቅመሱ። ብረት ብረት አይልም? ወንዙ እንዲህ አይልም። እንዲህ የሚለው የሌስ ጉድጓድ ነው። ዳርሲ ውሃውን ሲሰርቅ ሌስ ደረሰበት።»

«ልገድለው አልነበረም!» ዳርሲ ተነሳ። «ቧንቧ ስሰካ መጣና ያዘኝ፣ ገፋሁት፣ ጭንቅላቱ ገንዳው ጠርዝ ላይ… እጄ ግን ለምን እንደተነሳ…»

ከዋናው ከተማ የመጡት ፖሊሶች ወሰዱት። ግሌኒስ ኪትን ልታቅፍ መጣች፤ እሱ አላያትም። ኖሪንን ነበር የሚያየው።

«ዝም ብትዪስ ምን ነበረበት?»

«ትታሰር ነበር፣ ኪት።»

«እታሰር ነበራ።»

ሞፕን ከሌስ ቤት ፈትቶ ከጎኑ ጭኖ ሄደ። ኖሪን ከአዳራሹ ቀድማ ወጥታ ስለነበር መንገድ ላይ ተገናኙ። ከሩቅ ጣቷን አነሳች፤ እስኪያልፋትም አላወረደችም።

ኪት ሁለቱንም እጆቹን መሪው ላይ እንዳደረገ አለፈ። ዞራ ያየቻት ውሻዋ ብቻ ነበረች።