አራት ሴንቲ ሜትር

አባቷ በዚያች በመጨረሻዋ ጠዋት ቁጥር ብቻ የላከላት ለምን ነበር?

ስንዱ ጌጤነህ ይህን ጥያቄ ይዛ ስትዞር አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ያኔ ፊንላንድ ተማሪ ነበረች። ማለዳ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ስትሮጥ ስልኳ ጮኸና ከአባቷ «4» የምትል መልእክት ደረሳት። ሌላ ቃል አልነበረም። ጣቱ ስቶ ነው ብላ ስልኩን ኪሷ ከተተች፤ አልመለሰችለትም። ከዚያች ጠዋት ወዲህ አባቷን ያየ ሰው እንደሌለ የነገሯት በሳምንቱ ነው።

አሁን የምትኖረው በእሱ ቤት ነው፤ መንዝ ውስጥ፣ ነፋስ እንጂ ዛፍ በማይበዛበት አፋፍ ላይ። በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ትነሣለች። የአባቷን ካፖርት ደርባ፣ ግቢው መሐል በአራት እግሩ ወደቆመው ነጭ ሳጥን ትሄዳለች። በሩን ከፍታ ቴርሞሜትሩ ሌሊቱን የወረደበትን ታነባለች፤ አጠገቡ ካለው የዝናብ መለኪያ ውስጥ ውኃ ካለ ትለካለች፤ ከዚያ ቤት ገብታ መዝገቡ ላይ ታሰፍራለች። አባቷ ይህን ያለ ደመወዝ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። የመጨረሻው መስመሩ «መስከረም 27፤ አመዳይ፤ ጥልቀት» ይላል፤ ከጥልቀት ቀጥሎ ባዶ ነው። በመስመሩ ላይ ከከተማ የመጣ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሰው በቀይ ሠርዞበት፣ ከጎኑ «እዚህ አካባቢ አመዳይ አይጥልም፤ መዝጋቢው ሐሰት ጽፎ ከሥራው ጠፍቷል» ብሎ ፈርሞበታል።

ስንዱ አገሯ የተመለሰችው ያችን ቀይ መስመር ለማስፋቅ ነው። ለሰው ግን እንዲህ አትልም፤ ስለ አየር ጠባይ ጥናት ታወራለች። ደጋው ላይ እንደ ባዘቶ ዝም ብሎ የሚወርደው ለስላሳ በረዶ፣ አመዳይ፣ አንድ ጠዋት ከጣለ፣ ለክታና ፎቶ አንሥታ የከተማውን ሰው ጠረጴዛ ላይ ልታስቀምጥለት ነው። ይጥላል ወይ? አንዳንድ ቀን እሷም ትጠራጠራለች። አባቷ ዓይኑ ደክሞ ተራ ውርጭ አይቶ ቢሆንስ?

በቴሌግራም «በረዶ ናፋቂዎች» የሚል ቡድን አላቸው። ደብረ ብርሃን ስልክ የሚጠግነው ደምሰውና ጎባ የምታስተምረው ሐያት ከሁሉም ይበልጥ የተለከፉት ናቸው። ዘንድሮ ብርዱ ቀድሞ መጣ። መስከረም ሃያን ሲሻገር የስንዱ ቴርሞሜትር በየጠዋቱ መውረድ ጀመረ።

«ዛሬ ስንት አለ ሳጥንሽ?» ይላል ደምሰው።

«ዜሮ ነጥብ አምስት።»

«ውሸታም! በመስከረም?»

«ካላመንክ ጋቢህን ይዘህ ና።»

«ጥቅምት ሳይገባ አንድ አጥንት ልታስገዢኝ ነው በያ።»

«እኛ ጋ ጭጋግ ብቻ» ትላለች ሐያት። «ቅናት ሊገድለኝ ነው። እባክሽ ከብርድሽ አካፍዪን!»

ስንዱ ስልኳን ይዛ ብቻዋን ትስቅና፣ ሳቋ ባዶው ቤት ውስጥ እንግዳ ሆኖ ሲሰማት ታቆማለች።

መስከረም ሃያ አራት ቀን የመጀመሪያው ውርጭ ወደቀ። በማግስቱ ሳጥኑ ከዜሮ በታች ሦስት አሳየ። የዚያን ዕለት ጠዋት ገና በሩን ስትከፍት ጎረቤቷ ጋሽ ሸዋንግዛው በጎቻቸውን እየነዱ ግቢዋ ገቡ። ሳይጠይቁ ነው የገቡት፤ የመንደሩ ወግ ነው። ነጭ ሆኖ ባደረ ምድር ላይ በግ ሳይረግጠው ሰው አይረግጠውም። ሃያ የሚሆኑ በጎች ውርጩን እየሰበሩ ሲሮጡ የደረቀ ቅጠል የሚታኘክ ዓይነት ድምፅ ተሰማ።

ስንዱ ደጃፏ ላይ ቆማ ስታያቸው ነው ነገሩን ያስተዋለችው። በጎቹ ከሳጥኑ አልፈው፣ የዝናብ መለኪያው ጋ ሳይደርሱ፣ ምንም የሌለበት ቦታ ላይ ለሁለት ተከፈሉ። ወንዝ ድንጋይ ሲያገኝ እንደሚከፈል ተከፍለው፣ ወዲያ ማዶ ተገናኙ። ሁሉም ካለፉ በኋላ እዚያ ቦታ ላይ የሁለት ጫማ ስፋት ያለው ውርጭ ሳይሰበር ቀረ።

«ጋሼ፣ እዚያ ጋ ምን አለ?»

ሽማግሌው አላዩም፤ ላለማየትም ፊታቸውን አዙረው ነበር። «ሣር ነዋ» አሉ። «ሣር ነው የኔ ልጅ። በይ ግቢ፣ ይበርድሻል።»

በግ ነው ብላ ተወችው፤ በግ ደግሞ በሌለ ነገር ይደነግጣል። በማግስቱ ግን የሳጥኑን በር ተከፍቶ አገኘችው። ማታ መቀርቀሯን ታስታውሳለች። ከዜሮ በታች አምስት ነበር፤ በዚያ ብርድ ደረቅ መሆን የነበረበት የቴርሞሜትሩ ብርጭቆ ላይ፣ ሰው ለማንበብ ተጠግቶ የተነፈሰበት የሚመስል ጉም ተቀምጧል። በጣቷ ነካችው። እርጥብ ነው፤ ገና አልቀዘቀዘም። ከሳጥኑ ውስጥ፣ አባቷ ሲጽፍ ይሸት እንደነበረው፣ የረጠበ ጋቢና የቀለም ሽታ ወጣ። ዙሪያውን አየች። ቁራ እንኳ አልነበረም። መንደሩ ውስጥ ውሻ ሲጮኽ የሰማችበትን የመጨረሻ ቀን ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

ሽታውን መዝገቡ ላይ አልጻፈችውም። ለሽታ የተመደበ ቦታ የለም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደምሰው በድምፅ ደወለላት። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ስንዱ፣ የሳተላይቱን ሥዕል አየሽው? ከቀይ ባሕር በኩል ደመና እየወጣ ነው! ብርዱ አለሽ፣ እርጥበቱ መጣልሽ። ነገ ጠዋት ላንቺ ነው፣ ነገርኩሽ!»

«ነገ ሃያ ሰባት ነው» አለች።

«ታዲያ ሃያ ሰባት ቢሆንስ?»

«ምንም።»

ስልኩን ዘግታ ወንበር ላይ ቆመች፤ ከጣራው ማገር መሐል የአባቷን የበረዶ መለኪያ አወረደች። የጥድ ዱላ ነው፤ በካራ እየቀረጸ በየሴንቲ ሜትሩ ከአንድ እስከ ሠላሳ ምልክት አድርጎበታል። መንደሩ ሁሉ ስቆበት እንደነበር ታውቃለች፤ በረዶ በሌለበት አገር የበረዶ መለኪያ። ከዚያ ዱላውን እንደያዘች ጋሽ ሸዋንግዛው ዘንድ ሄደች። ገና ያልታጨደ ገብሳቸው ጫፍ ላይ ቆመው ሰማዩን ያዩ ነበር።

«ጋሼ፣ ነገ በጎቹን እኔ ግቢ አያስገቡብኝ።»

ዞረው አዩዋት። «ለምን?»

«አመዳይ ይጥላል። የተረገጠ በረዶ አይለካም። ማንም ያልነካው መሆን አለበት፤ ሕጉ ነው።»

«የማን ሕግ?»

«የልኬት።»

«አባትሽም እንዲሁ ነው ያለኝ» አሉ ሽማግሌው። «እዚችው ቆሞ። ‹ሸዋንግዛው፣ በግህን ያዝልኝ፣ ልለካበት ነው› አለ። ያዝኩለት። ጓደኛዬ ነበራ፣ ያዝኩለት! ጠዋት ስመጣ የቆመው ይኼ ዱላ ብቻ ነበር።»

«ስንት ላይ ነበር?»

«ምኑ?»

«ዱላው፤ በረዶው ስንት ምልክት ላይ ደርሶ ነበር?»

«ኧረ በእግዜር! ሰው ጠፍቶ ምልክት ልቆጥር?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በጎቹን ለቀቅኩበት፤ ረገጡት፣ አለቀ። አንቺ ልጅ፣ ባሕር ማዶ የተማርሽው ሁሉ ይቅርብሽና ይችን አንዷን ስሚኝ፤ በጎቹ ይግቡ።»

«ጋሼ፣ አባቴን ውሸታም ብለውታል። እርስዎም በበግ እግር አስረግጠው ማስረጃውን አጠፉበት። እኔ አላስረግጥም።»

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ከረረ። ወደ ቤቷ ተመልሳ የአጥሩን በር በሰንሰለትና በአዲስ ቁልፍ አሰረችው። ዱላውን ግቢው መሐል፣ በጎቹ በተከፈሉበት ቦታ አጠገብ ተከለችው። አጠገብ እንጂ እላዩ ላይ አልተከለችውም። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ራሷን አልጠየቀችም።

ጠዋት የቀሰቀሳት ዝምታው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ያደረው ነፋስ ቆሟል። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ይመስላል፤ ጣራው ነጥቷል፣ የማገሩ ጥላ ጠፍቷል። ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠች።

አመዳይ ነበር። አጥሩ፣ ሳጥኑ፣ የዝናብ መለኪያው አፍ፣ ገብሱ፣ ከገብሱ ማዶ ያለው አፋፍ ሁሉ አንድ ሆኖ ነጥቷል። አንድ ወፍ እንኳ ያልነካው፣ ጠርዝ የሌለው ነጭ። ስንዱ አፏን በእጇ ያዘች። አላለቀሰችም። «አየህ» አለች ጮክ ብላ፤ ለከተማው ሰው ይሁን ለአባቷ አላወቀችም። «አየህ!»

መጀመሪያ በመስኮት የሚታየው ይጻፋል፤ ከዚያ ተወጥቶ ይለካል። የሥራው ሥርዓት ይኸው ነው። መዝገቡን ከፈተች፤ ከትናንቱ መስመሯ ቀጥሎ «መስከረም 27፤ አመዳይ፤ ጥልቀት» ብላ ጻፈች። ቁጥሩን ስትመለስ ልትሞላው እስክሪብቶውን በመዝገቡ እጥፋት ላይ ተወችው። ካፖርቱን ደረበች፣ ስልኳን ያዘች፣ ወጣች።

እግሯ ሲገባ በረዶው ድምፅ አላሰማም። ይህን ያስተዋለችው አሥር እርምጃ ያህል ከሄደች በኋላ ነው። የፊንላንድ በረዶ ከጫማ ሥር ይጮኻል፤ ዓመታት ሰምታዋለች። ይህኛው ዝም አለ። ሽታው ግን ነበረ፣ የረጠበ ጋቢና ቀለም። እየቀረበች በሄደች ቁጥር ሽታው እየከበደ ሄደ። እግሯ መመለስ ፈለገ። «አልመለስም» አለች፤ ዱላው ጋ ደረሰች፤ ተንበርክካ ዓይኗን ከምልክቱ ጋር አስተካከለች።

አራት።

እንደገና አነበበች። አራተኛው ቅርጽ ላይ፣ ልክ አፉ ላይ። አራት ሴንቲ ሜትር።

የአባቷ ጣት ያኔ አልሳተም ነበር። እዚችው ተንበርክኮ፣ ያየውን ነው የላከላት። ከሰው ሁሉ መርጦ ለእሷ።

ፎቶ ልታነሣ ስልኳን አወጣች። ልኬቱ እንዲታመን ቤቱም፣ የመጣችበት ዱካም ከኋላ መታየት አለበት ብላ ዞረች። ቤቱ ቆሟል፣ በሩ ክፍት ነው። ከበሩ እስከ ጉልበቷ ድረስ ያለው ነጭ ግን አልተነካም። አንድም ዱካ የለበትም።

እግሯን አነሣችና አየች። ከሥሩ ያለው በረዶ ለስላሳና ሙሉ ነበር።

ያኔ ሰንሰለቱ ሲመታ ሰማች። ጋሽ ሸዋንግዛው በመጥረቢያ እየቀጠቀጡት ነበር። ቁልፉ ተሰበረ፣ በሩ ተበረገደ፣ በጎቹ በትንፋሽ ጭስ ታጅበው ገቡ።

«ስንዱ!» አሉ ሽማግሌው።

«አቤት ጋሼ! እዚህ ነኝ! በጎቹን ይያዙልኝ!»

ቤቱን ነው የሚያዩት። «ስንዱ! አንቺ ልጅ!»

«ጋሼ፣ እዚህ! ዱላውን ይዩት፣ አራት ነው፣ ሳይረገጥ ይዩት!»

ሽማግሌው ቤት ገቡ፤ ወጡ። ሲወጡ መዝገቡን ይዘዋል፤ ያልተሞላው ቦታ ላይ አውራ ጣታቸው አርፏል። በጎቹ ግቢውን እያረሱት መጡ። ስንዱ እጇን ዘርግታ ቆመች፤ እንዲረግጡት አልፈቀደችም። ፊት ያለችው በግ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ዓይኗን አፍጥጣ ዘወር አለች። መንጋው ለሁለት ተከፈለ። ትንሽ ወዲያ ሄዶ፣ ከስንዱ በስተቀኝ፣ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ተከፈለ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ሁለቱን ክፍተቶች አዩ። ቆባቸውን ከራሳቸው አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙት። ከዚያ መጥተው፣ ፊቷ ቆመው፣ ዱላውን ነቀሉት። በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛው ነበር፤ ማንም እንዳልያዘው ወጣ። ምልክቱን ሳያነቡ በብብታቸው ይዘው ወደ ቤቱ ተመለሱ፤ ማገር መሐል ሲሸጉጡት የእንጨቱ ድምፅ ተሰማ።

ስንዱ ወደ ቀኝ አልዞረችም። እዚያ የሚተነፍስ አለ፤ ሽታው ከዚያ ነው። ገና የሚሠራ ነገር ነበራት። ስልኳን ከፍታ በደነዘዘ ጣቷ፣ አንድም ፊደል ሳትገድፍ ጻፈች፦ «ደምሰው፣ አመዳይ ጥሏል። ጥልቀቱ አራት ሴንቲ ሜትር ነው፣ አባቴም አልዋሸም። ግቢው መሐል ቆሜያለሁ፤ ጋሼ አላዩኝም። መዝግበው፣ ከዚያ ድረስልኝ።»

ላከችው። ስክሪኑ ላይ ግን የተላከው «4» ብቻ ነበር።

ጠበቀች። ፀሐይ ከአፋፉ ወጣች፣ የተረገጠው በረዶ ጭቃ ሆነ። ከቁጥሩ ጎን ሁለቱ የመነበብ ምልክቶች መጡ። ደምሰው አንብቦታል፤ እሷም ያኔ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ስትሮጥ፣ አንብባው ነበር።