የሦስተኛው ጉድጓድ ሬሳ

ጣሊያን ጎጃምን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ የጉድጓድ ጠባቂው የቢተው ሬሳ ከሲኞር ባሩኪ ቆዳ ፋብሪካ ሦስተኛ ጉድጓድ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ወሬው ፋብሪካው ካለበት ከአማኑኤል ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ፈረስ አልቀደመውም። ግራዝማች አካለ ወልድ ገና ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጡ በቅሎ ተላከላቸው። በዚያ አገር ነፍሰ ገዳይ ግራዝማች ገና ሲያስነጥሱ ይናዘዝ ነበር። አንድ ጊዜማ የጠፋ በሬ ሻኛ ላይ የቀረውን የሌባ ላብ አሽትተው፣ ሌባውን ከሦስት ወንዝ ማዶ ከነእራቱ ይዘውታል። ያላየ አያምንም፤ ያየውም እስከ ዛሬ አላመነም።

የዚያን ዕለት ግን ግራዝማች ፊታቸው እንደ ክረምት ሰማይ ጠቁሯል። ሲኞር ባሩኪ ገበሬውን ባዘዘውን የፊጥኝ አሳስሮታል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደብረ ማርቆስ ወስደው ሊሰቅሉት ነው። የባዘዘው በሬዎች ከፋብሪካው በታች ከጠጠሪት ወንዝ ጠጥተው አልቀውበታል። እሱም የጉድጓዶቹን ጠባቂ ቢተውን በገበያ መሐል «እገልሃለሁ» ብሎት ነበር።

ግራዝማች ከሬሳው በፊት ውሃውን አዩ። ቆዳው የሚነከርበት፣ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት መርዝ ከፋብሪካው ወጥቶ አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ ይረጋል። ሁለተኛው ጉድጓድ በአሸዋና በከሰል ያጣራዋል። ሦስተኛው ያጠራቅመውና፣ ጫፉ ላይ ያለው ሳንቃ ሲነሳ ወደ ጠጠሪት ይለቀዋል። ሳንቃው ተነስቶ ነበር።

ቀጥለው ሬሳው አጠገብ ተንበረከኩ። የሦስተኛው ጉድጓድ ውሃ እንደ ቀጭን ጠላ ደፍርሷል እንጂ ሬንጅ የለበትም፤ የቢተው ፀጉር ግን በጥቁር ሬንጅ ተጣብቋል። ዓይኖቹም ተከድነዋል። ግራዝማች ያንን ሲያዩ ጢማቸውን ያዙ።

የፋብሪካው ሹምና አስተርጓሚ ፈንታ ጋቢውን እስከ ጣቱ ተከናንቦ መጣ።

«ሊታጠብ ጎንበስ ሲል ባዘዘው ከኋላ ገፍቶት ነው ጌታዬ።»

«አይተሃል?»

«የዛተበትን ሰምቻለሁ።»

«በብርድ ነው የተከናነብከው?»

«በሐዘን ነው። ቢተው ክርስትና አባቴ ነበር።»

የቢተው ሚስት ሥራነሽ ደግሞ እንባዋ ከንዴት የተነሳ ደርቋል። የወታደሩ ሰፈር ከፋብሪካው በታች ሳለ ከሰል በየሳምንቱ በጭነት ይመጣ እንደነበር ነገረቻቸው። ሰፈሩ ወደ ወንዙ ራስ ሲዛወር ከሰሉ ቀረ፤ ከታች የሚጠጣው ገበሬና ከብቱ ብቻ ነዋ። ባሏ የጓሯቸውን ግራር ቆርጦ፣ አክስሎ፣ በጀርባው እያመጣ ጉድጓዱ ውስጥ ይጨምር ጀመር። ያ አልበቃ ሲል ሳንቃውን ቆልፎ አላነሳም አለ።

«የመጀመሪያው ጉድጓድ ውሃ የነካው ዕለት እጁ ነጭ ሆኖ ይደነዝዝ ነበር» አለች። «አንድ ቀን የፈላ ድስት በባዶ እጁ ከምድጃ አወረደ። መቃጠሉን የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ግራዝማች ተነሱ። ለቀብር ከተቀቀለው ንፍሮ አንድ ድስት እሳት ላይ እንዲቆይ አዘዙ። ከዚያ ሲኞሩን በፈንታ አፍ ለመኑት፤ ለሟቹ ንፍሮ ሳይቀመስ እስረኛ ቢወሰድ አገሩ ይቆጣል አሉ። ሲኞር ባሩኪም ሽፍታ ከሞላበት ጋራ ሥር መሆኑን አስታውሶ ፈቀደ።

ቀብሩ እንዳበቃ ሁሉም ሳንቃው አጠገብ ተሰበሰበ። ግራዝማች ባዘዘውን አስፈቱና ንፍሮውን ከነእንፋሎቱ እየጨለፉ በየመዳፉ አደሉ። ባዘዘው ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠ ዘለለ። ሥራነሽ በነጠላዋ ተቀበለች። ሲኞር ባሩኪ መሬት ላይ በትኖት በአገሩ ቋንቋ ሰማይ ምድሩን ረገመ፤ እርግማኑ ዲማ ገዳም ድረስ ተሰምቷል። ፈንታ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ተቀበለና፣ የሚጨሰውን ስንዴ እንደያዘ ቆመ። እፍ እንኳ አላለም።

«ፈንታ፣ አልፈጀህም?»

ፈንታ መዳፉን አየ። ነጭ ሆኖ ተሸብሽቧል።

«ቢተው የሞተው አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ ነው» አሉ ግራዝማች፣ ድምፃቸው እየወፈረ። «ሬንጁ በፀጉሩ ነው ያለው። ገዳዩ «ሲታጠብ ሞተ» ለማሰኘት ወደ ሦስተኛው አምጥቶታል። ያመጣው እጅ እዚያ መርዝ ውስጥ ገብቷል። ባዘዘው ቢሆን በሬዎቹን ላስፈጀበት ሰው ዓይን አይከድንም። ሲኞሩም የኛን ደንብ አያውቅም። ዓይኑን የከደነለት የሚወደው ሰው ነው፤ በክርስትና ልጁ እጅ ነው የተከደነው። እጅህ ለምዶ አደረገው እንጂ ልብህ አላሰበውም።»

ሲኞር ባሩኪ ምን እያለ ነው ሲል ፈንታን ጠየቀ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ፈንታ ብቻ ነበር።

«ሲኞሩ ሳንቃውን ክፈት አለኝ» አለ ፈንታ፣ በአማርኛ፣ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ውሃው ሞልቶ ፋብሪካው ሊገባ ነው፣ ክፈት ወይ ከሥራህ ውጣ አለኝ። ክርስትና አባቴ ቁልፉን ይዞ እምቢ አለ። ታገልን። ገፋሁት። ሲሰምጥ ቆሜ አየሁ፤ ቁልፉን እስኪለቅ።»

ሥራነሽ ንፍሮውን ከነነጠላዋ ወረወረችበት።

ሲኞሩ ቃሉ ባይገባውም የሰዉ ፊት ገባው። ጊዜ አልፈጀበትም። ሁለቱን የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹን፣ ጠራና በጣቱ ወደ ፈንታ አመለከተ፤ የባዘዘው ገመድ ለፈንታ ዋለ። ሲኞሩም የሚሰቀለው ሰው ስም ከመቀየሩ በቀር ምንም እንዳልሆነ ባርኔጣውን አስተካክሎ ወደ ፋብሪካው ገባ።

«እሱስ?» አለ ባዘዘው። «ግራዝማች፣ ክፈት ያለውስ?»

ሺህ ገዳይ ያናዘዙት ግራዝማች አካለ ወልድ የፋብሪካውን በር አዩ። ከዚያ በርኖሳቸውን አውልቀው ለሥራነሽ ሰጡ፤ ወደ ሳንቃው ወረዱ። ባዘዘው ገመድ የበላው እጁን እያሻሸ ተከተላቸው። ሳንቃውን አብረው ወደ ታች ጥለው ዘጉት፤ ሌላው ሰው ድንጋይና ጭቃ ጫነበት።

ጠጠሪት ቀስ በቀስ ጎደለች። ውሃው ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ተመለሰ፤ ጠቁሮና ሞልቶ በመጣበት ቦይ ሽቅብ ወጣና፣ በሲኞር ባሩኪ በር ሥር ገባ።