አምስቱ ፋኖሶች

ኮርዴሊያ ሃስኬል ከስፌት ጠረጴዛዋ ሥር በጎኗ ወድቃለች። ግንባሯን የሰነጠቀው ካውያ ከራስጌዋ ተጋድሟል። በቀሚሷም በወለሉም ላይ ካርቶን ላይ የተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ብጥስጣሽ ሆኖ ተበትኗል።

የአውራጃው መርማሪ ሃርላን ኮትስ ከሬሳው በፊት ጠረጴዛውን አየ። ትልቁ የጨርቅ መቀስ በፍላኔል ጨርቅ እንደተጠቀለለ በቦታው አለ። ቀጥሎ ወደ ኩሽና ገባ። የማንኪያው መሳቢያ በግማሽ ተስቦ ቀርቷል። ከማንኪያዎቹ በላይ ትንሽ መቀስ ተጥሏል፤ በስለቱ ላይ ግራጫ የወረቀት ብናኝ ይታያል። ሃርላን መሳቢያውን ሳይነካ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተው።

ሬሳውን ያገኘው የወንድሟ ልጅ ሮይ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ያሽከረክራል።

«እንቁላል ላደርስላት መጥቼ ነው» አለ። «በሩ ክፍት ነበር።»

«ወረቀቱ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«የአምስቱ ፋኖሶች ጥለት ነዋ፤ የብርድ ልብስ ስፌት ንድፍ። አሥራ አንድ ዓመት ፈልጋ ነው ያገኘችው። የሰው ቆጥ እየበረበረች፣ የሟች ዕቃ በተሸጠበት ሁሉ እየዞረች። ባሏ ሲጠፋ እንኳ እንዲህ አልፈለገችውም።»

«አንተስ ምን ትፈልግ ነበር?»

«እንድትሸጠው። አልዋሽህም፤ ጣሪያው ያፈሳል።»

ጥለቱን በብራንት ሆሎ የማያውቅ የለም። ከአርባ አምስት ዓመት በፊት በአንድ ክረምት አምስት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በበረዶ ማዕበል ጠፍተው ቀሩ። ልጇን ዮሴፍን ያጣችው አነሽካ ዶቤሽ ልጆቹ መንገድ እንዲያገኙ በዚያ ሌሊት በየመስኮቱ የተሰቀሉትን ፋኖሶች በጨርቅ ቁርጥራጭ አስመስላ ሰፋች። የከተማዋ ሴቶችም ተከትለዋት ሰፉ። ጥለቱ በገበሬዎች ጋዜጣ አንድ ጊዜ ታትሞ እንደነበር ይወራል፤ ቅጂውን ግን ያየ አልነበረም። አሁን አገሪቱ ነፃ ከወጣች ሁለት መቶ ዓመት ልትደፍን ነውና፣ ለሐምሌው በዓል ፋኖሶቹ የተሰፉበት ብርድ ልብስ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከሥሩም የአነሽካ ስም ይጻፋል።

ጥለቱን ሊገዛ ከኦማሃ ከተማ የመጣው የጥንት ዕቃ ነጋዴ ግሪምስ በሞቴሉ ቁርሱን ሲበላ ተገኘ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት?» አለ፤ ሹካውን አስቀመጠ። «እንደዚያ ያለ ነገር በእጄ ቢገባ እንደ አራስ ልጅ አቅፌው ነበር የምሄደው። እንዲያውም አላሳየችኝም። ‹ቬርና ሳታየው ማንም አያየውም› ብላ በሩን ዘጋችብኝ።»

ቬርና ዶቤሽ የአነሽካ ልጅ ናት፤ የስፌት ማኅበሩንም የምትመራው እሷ ነች። ሃርላን ሲደርስ ብርድ ልብሱን በመወጠሪያው ላይ ዘርግታ ትሰፋለች። መርፌዋን አላቆመችም።

«የኤድና ልጅ አይደለህ? ግባ፤ እግርህን ጥረግ።»

«ጥለቱን አይተውት ነበር?»

«የት አይቼው! ነገ ነይ ብላኝ ነበር። ነገዋ አልነጋላትም።»

«እናትዎ ስለዚያ ክረምት ያወሩ ነበር?»

«ከዚያ ወዲህ ስለ ምንም አላወራችም። ወንድሜን የቀበረችው በዚህ ስፌት ውስጥ ነው፤ ሬሳው አልተገኘም።»

«አሁን ስማቸው ግድግዳ ላይ ሊወጣ ነው።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ሌላ ምን አላት?»

ሃርላን ቁርጥራጩን ወደ ቢሮው ወስዶ እየገጠመ ዋለ። በማግስቱ ወደ ኦማሃ ስልክ ደውሎ በጋዜጣው ማተሚያ ቤት ፊደል ይለቅም ከነበረ ሽማግሌ ጋር ተነጋገረ። ኮርዴሊያ በተቀበረች ዕለት፣ ሰው የአሳማ ሥጋ ሳንዱቹን በልቶ ሲበተን፣ ሦስቱን በስፌት ክፍሏ አስቀመጣቸው። ትልቁን መቀስ ከፍላኔሉ አውጥቶ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የጋዜጣ ገጽ ሰጠ።

«ትንሽ ቁራጭ ቁረጡልኝ።»

ሮይ ትከሻውን ሰብቆ ቆረጠ። ግሪምስም ቆረጠ። የቬርና እጅ ግን መቀሱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሌላ መቀስ የለም?»

«ይኸ ምን ሆነ?»

«የጨርቅ ነዋ። ወረቀት ያዶለዱመዋል።»

እጇን ከመቀሱ ላይ አነሳች።

«በልጅነቴ በእናቴ የጨርቅ መቀስ ወረቀት ቆርጬ ነበር» አለ ሃርላን። «ጥፊው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ኮርዴሊያ እዚህ ወደቀች። መቀሱ እዚህ፣ እጅ በሚደርስበት። ካርቶኑ በእጅ አይቀደድም። ገዳይዋ ግን ሬሳውን ተራምዳ ኩሽና ሄደች፤ መሳቢያ ከፍታ የወረቀት መቀስ ፈለገች። ሰው የገደለ እጅ መቀስ ማዶልዶም እምቢ አለ። ሮይ ቢሆን የቀረበውን ያነሳ ነበር። ግሪምስ ቢሆን ሙሉውን ይዞ ይጠፋ ነበር።»

«የእናቴን ጥለት እኔ ለምን አጠፋለሁ?»

«እኔንም ያስቸገረኝ ይኸው ነበር። ስገጥመው ግን ከላይ፣ ከርዕሱ ሥር፣ አንዲት ቁራጭ ጎደለች። የቀረው ሁሉ የተቆረጠው የእሷ መጉደል እንዳይታወቅ ነው። የማን ስም ነበረበት?»

ቬርና ቀና አላለችም። «‹የአክስት ሄስተር ጥለት› ይላል። እናቴ ከሌላ ሴት የሰረቀችው መሰለኝ። ሐዘኗ ሁሉ የሰው ሐዘን ቅጂ ሆነብኝ። ኮርዴሊያ ደግሞ ፈገግ ብላ ‹ገልብጪው› አለችኝ። ‹እንደ እናትሽ ቅጂ› ብላ የምታላግጥብኝ መሰለኝ። ካውያው እጄ ላይ ነበር።»

«አክስት ሄስተር የምትባል ሴት የለችም» አለ ሃርላን። «ትንባሆ የሚያኝክ አንድ ፂማም አዘጋጅ ነበር። ሴቶች የሚልኩለትን ጥለት ሁሉ በዚያ ስም ያትመው ነበር። የላኪዋን ስም ከገጹ ግርጌ ያወጣ ነበር። ግርጌው ወደ ካርቶኑ ጀርባ ታጥፎ ተለጥፏል። ኮርዴሊያ ልታሳይዎት የጠራችዎት፣ ‹ገልብጪው› ያለችዎትም እሱን ነበር።»

ሁለት ቁራጮች በጀርባቸው ገልብጦ ፊቷ አኖረ። ቬርና መነጽሯን አደረገች። በአንደኛው «ላኪ፦ ወይዘሮ አነሽካ» ይላል። በሁለተኛው «ዶቤሽ፣ ብራንት ሆሎ። ለልጄ።»

«ስሟ ይሰቀላል?» አለች ቬርና።

«ይሰቀላል። ከእንግዲህ ግን ሰው ሲያነበው የሚያስበው እርስዎን ነው።»

ሁለቱን ቁራጮች በጣቶቿ አስጠግታ ገጠመቻቸው። ስታነሳቸው ተለያዩ። እንደገና ገጠመቻቸው።