የደጃፉ ውሃ

የመሪዎችን ታሪክ የሚጽፈው ሶሲቢዮስ ጭንቅላቱ በምድጃው ድንጋይ ተፈንክቶ፣ ሞቶ ተገኘ። በሰም የተለበጠችው የጽሕፈት ሰሌዳው አጠገቡ ወድቃለች። ከጽሑፉ አንዲት መስመር ብቻ በአውራ ጣት ተድጣ ጠፍታለች።

የግሪኳ ከተማ የሜጋራ ዳኛ ዴክሲጶስ እያነከሰ ሲደርስ፣ ደጃፉ ላይ ውሃ ያለበት ማሰሮ አየ። ሞት የገባበት ቤት ውሃ ይረክሳልና፣ ከዚያ የሚወጣ ሁሉ ከጎረቤት በመጣ ውሃ ይታጠባል።

«ማን አገኘው?»

ገረዲቱ ትራታ ተንበረከከች። «እኔ ነኝ ጌታዬ፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ። ምነው እንቅልፍ ባልጣለኝ!»

«እሷ ናት የገደለችው!» አለ ፊሎክሴኖስ። ይህ ወጣት ቀደም ሲል ያረፈው የጦር አዛዥ የአግላዎን ልጅ ነው፤ ሕዝቡ በአባቱ ቦታ ሊሾመው ለዛሬ ተቀጣጥሯል። «ባሪያ ማሰቃያው መንኮራኩር ላይ ካልተወጠረች እውነት አይወጣትም።»

«ቀስ በል ጎበዝ፣ መንኮራኩሩ እንደሆነ እግር የለው፤ አይሸሽህም።»

ዴክሲጶስ ወደ ልጁ እናት ወደ ቲማሬታ ዞረ። «ሶሲቢዮስ የባልሽን ታሪክ ነበር የሚጽፈው። ምን ነገርሽው?»

«አርባ ምርኮኞችን ያስገደለ ዕለት ጭኔ ላይ ተደፍቶ እንዳለቀሰ። ዛሬ አደባባይ ሊያነበው ነበር። ባልነግረው አይሞትም ነበር።»

ዴክሲጶስ ያኔ በሸንጎ «ይገደሉ» ብለው እጅ ካወጡት አንዱ ነበርና መሬት መሬት አየ።

«አባቴ አልቅሶ አያውቅም!» ጮኸ ፊሎክሴኖስ። «አገር የሚያውቀው ነው!»

ዳኛው ሁሉንም ደጃፉ ላይ ሰበሰበ፤ ጎረቤቲቱን ፋኤናንም አስጠራ።

«ማሰሮው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው። ገና ዶሮ ሲጮኽ ፊሎክሴኖስ መጥቶ ወሰደው። ማን ሞተ ልለው አልኩና ፊቱን አይቼ ተውኩት።»

«ትራታስ መቼ ጮኸች?»

«እሱማ ቆይቶ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ ዳቦዬን ሳወጣ።»

«እንግዲህ ስሙ» አለ ዴክሲጶስ። «ትራታ ሬሳውን ከማየቷ በፊት ሞቱን ያወቀ ሰው ነበር። ሌባ ቢሆን ሮጦ ያመልጣል። ይሄኛው ግን በሥርዓት ያደገ ነው፤ ሳይታጠብ መሄድ አልሆነለትም። የጠፋችውም መስመር ያቺ የአባቱ ለቅሶ ናት፤ የምታሳፍረው እሱን ብቻ ነው። ፊሎክሴኖስ፣ እስቲ አውራ ጣትህን።»

ጥፍሩ ሥር ቢጫ ሰም ተሰግስጓል።

«ውሃ ሰም አያስለቅቅም ልጄ።»

ፊሎክሴኖስ ጣቱን ጨብጦ ደበቀ። «አጥፋው ብዬ ለመንኩት። ‹ከድሎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ እንባ ነው› አለኝ። ገፋሁት... ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ፣ አልለቅ አለኝ። ይባስ ብዬ ይቺን ምስኪን...» እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ።

ዴክሲጶስ ትራታን ክንዷን ይዞ አስነሣት።

ቲማሬታ በነጠላዋ ጫፍ የልጇን ፊት ጠረገች።

«አሁን ገና» አለችው፣ «አባትህን መሰልክ።»