ከፋብሪካው በታች ያለው ጠብታ

የመጀመሪያው ጭራቅ ግድግዳው ላይ ብቅ ሲል ፀዲ «ጌታ ኢየሱስ» ብላ የያዘችውን ብርድ ልብስ ለቀቀችው። መስኮቱ ተገለጠ፤ የሰበታ ቀትር ክፍሉን ሞላው፤ ጭራቁም ጠፋ።

«አንቺ ፋራ፣ መልሺው» አለች ኡርጂ። «እኔ'ኮ ገና አላየሁትም።»

ፀዲ ብርድ ልብሱን ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለች። ከሲሪንጁ ጫፍ አንዲት የውሃ ጠብታ ተንጠልጥላለች። የትንሿ ሌዘር ጨረር እንደ አጉሊ መነጽር በሆነችው ጠብታ አልፎ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አቀላው። በቀዩ ውስጥ መዳፍ የሚያህሉ ጥቁር ነገሮች ይዋኙ ነበር። አንዱ ሞላላ ነው፣ እየተሽከረከረ ይሄዳል። አንዱ ረጅም ነው፣ ይጥመለመላል። አንዱ ደግሞ ቆሞ ይንቀጠቀጥና ድንገት ሽው ይላል። ይህ ሁሉ ከአንዲት ጠብታ! ኡርጂ ወሬ የማያልቅባት ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ከገባች ወዲህ እንኳ በወሬ ሦስት ጊዜ ቦታ ቀይረውባታል። አሁን ግን ወሬውን ትታ በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ጠብታዋ የተቀዳችበት ወንዝ ውስጥ ስትንቦጫረቅ ስንቱን ጭራቅ ውጣው ይሆን?

ቲቸር ገብረየስ ዘወትር ዓርብ የቤት ሥራ ወረቀት ያድላሉ። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱ ተዘግቶ፣ ትምህርት ቤቱም ሁለት ሳምንት በሩን ሲዘጋ ቤት ለቤት ዞረው አደሉት። ኡርጂ «ጎማ ተቃጥሎም ከቤት ሥራ አላመለጥንም» ብላ አማርራለች። የመጨረሻው ወረቀት ግን የሳይንስ ፌር ነበር፤ የሚቀርበው ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ዓርብ ነው። አምና የክፍሉ ግማሽ የካርቶን እሳተ ገሞራ ይዞ መጣ፤ የቀረው ግማሽ አናጢ ያሠራውን። ዘንድሮ ኡርጂና ፀዲ ወንዙን ሊያሳዩ ነው፤ አንድ ሃይላንድ ውሃ ከፋብሪካው በላይ፣ አንድ ሃይላንድ ከፋብሪካው በታች። ከታች ኡርጂ «አካኮ» የምትላቸው የአያቷ የኦቦ ባጫ ላሞች ይጠጣሉ። ፋብሪካው ውስጥ የፀዲ አባት አጵሎስ ይሠራል፤ ቤተሰቡ ከወላይታ የመጣው ለዚህ ሥራ ብሎ ነው።

የታችኛውን ጠብታ አንጠለጠሉ። ግድግዳው ቀላ። ጠበቁ። ምንም የለም።

ይሄኔ የኡርጂ ታላቅ ወንድም ሞቲ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁለቱንም ጠብታ እንዲያሳዩት አደረገና በስልኩ ቀረጸ። ዓርብ ጓደኞቹን በሙሉ ይዞ እንደሚመጣ፣ ሰው ይህን በዓይኑ ካየ ደግሞ ቀጥታ ወደ ፋብሪካው እንደሚሄድ ነገራቸው። በዚያ ሳምንት የፋብሪካው በር ላይ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ተወርውሯል። አጵሎስ በየቀኑ የሚገባው በዚያ በር ነው። ፀዲ ደብተሯን ሰበሰበች፤ ቻው እንኳ ሳትል ሄደች።

ረቡዕ ከትምህርት መልስ ኡርጂ ሁለተኛውን ሃይላንድ ከፈተች፤ ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። የምታውቀው ሽታ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ካልሲዋ የሚሸተው። የሰፈራቸው ሱቅ በረኪና የሚሸጠው በሃይላንድ እየቀዳ ነው። እናቷ ባዶውን ከሌሎቹ ጋር ደርድራው ኖሯል፤ እሷም ወንዝ ለመውረድ ስትጣደፍ አንዴ ብቻ አለቅልቃ ይዛው ሄዳለች። የቀረውን ደፋች፤ ከላይኛው ውሃ ጥቂት ጨመረችበትና ጠብታ አንጠለጠለች። የሚርመሰመሰው ሁሉ የለም። ግድግዳው ባዶውን ቀላ።

ለሞቲ ነገረችው። እሱ አልደነገጠም፤ ቪዲዮውን ለጓደኞቹ አሳይቷል።

«ውሃው መጥፎ መሆኑን አካኮም ያውቃል፣ ላሞቹም ያውቃሉ» አላት። «በረኪናውን ባታወሪ ምን ትሆኛለሽ?»

ችግሩ፣ ሞቲ ልክ ሊሆን ይችላል። አምና ሁለት ጥጆች ሞተዋል፤ ኦቦ ባጫ እስከ ዛሬ ያ ውሃ ነው ይላሉ፤ ኡርጂም ታምናቸዋለች። ማመን ግን ግድግዳው ላይ አይታይም። እሷ ያየችው በረኪና ነው።

ዓርብ ጠዋት አዲስ ሃይላንድ ይዛ ፀዲ ቤት ሄደች። የሆነውን ሁሉ ነገረቻትና እንደገና ወንዝ እንውረድ አለቻት። ፀዲ ደጃፉ ላይ ቆማ ሃይላንዱን ተቀበለቻትና አሸተተችው።

«አሁንም ምንም ባይኖርበትስ?»

«ምንም የለም ብዬ እጽፋለሁ።»

ፀዲ ገብታ ጫማዋን አደረገች።

ከሰዓት በኋላ የስምንተኛ «ለ» መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፈኑ። ሞቲና ጓደኞቹ ከኋላ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። የላይኛው ጠብታ ሲበራ ግድግዳው በጭራቅ ተሞላ። ከሞቲ ጓደኞች አንዱ ጎኑ ያለውን ጎትቶ «ኮቱ፣ ኢላሊ» ሲል፣ ና እይ እያለው መሆኑን ለመረዳት ኦሮምኛ ማወቅ አያስፈልግም ነበር። ቲቸር ገብረየስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አጠለቁት፤ ጭራቆቹ አሁንም አሉ።

ከዚያ ኡርጂ ተናገረች። ሞቲ በስልኩ ያሳያችሁ ቪዲዮ የወንዙ አይደለም፣ የኔ ስህተት ነው፣ ሃይላንዱ በረኪና ነበረበት አለች። ከኋላ ማጉረምረም ተነሳ፤ አንድ ሰው ሳቀባት። ጆሮዋ ጋለ። ጠዋት የቀዱትን ውሃ በአዲስ ሲሪንጅ ስባ ጠብታውን አንጠለጠለች።

ግድግዳው ቀላ። ምንም የለም። ፀዲ የኡርጂን እጅጌ ይዛለች። ጠበቁ።

ከዳር አንዲት ሞላላ ነገር ገባች። ቀስ እያለች፣ እያረፈች፣ ያንን ሁሉ ቀይ ብቻዋን ታቋርጥ ጀመር። ከታች ክፍል መጥተው ከፊት የተቀመጡት ልጆች በጣታቸው ተከተሏት። ሌላ መጣች። ቆይቶ ሦስተኛ። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም።

«ሦስት ብቻ» አለ ሞቲ።

«ሦስት አሉ» አለች ፀዲ።

ሁለቱም ኡርጂን አዩዋት። ሰንጠረዡ ላይ «ከፋብሪካው በታች» ከሚለው አጠገብ ያለው ሳጥን ባዶ ነበር። የማርከሩን ክዳን ነቀለች። «3» ብላ ጻፈች፤ ሌላ አልጨመረችም። ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሦስቱ ገና እየሄዱ ነበር።